አንድ ከንፈር፣ ብዙ ቃና፦ ለድሬዳዋው ትራምፔት ተጫዋች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ትራምፔት መንፋት የጀመርኩት ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው፤ አሁን ሰርግና ሆቴል ከሚሠራ ባንድ ጋር እጫወታለሁ። ችግሬ፣ ምንም ብነፋ ድምፄ አንድ ዓይነት ነው፤ ይጮኻል፣ ጆሮ ይወጋል። የባንዱ መሪ ‹ትዝታውን ሰልፍ አስመሰልከው› ይለኛል። ከትራምፔቱ ጋር የመጣውን ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበትን መንፊያ) ትቼ ጥልቀቱ ያነሰ ገዛሁ፣ ጭራሽ ባሰበት። ከተጫወትኩ በኋላ ከንፈሬ ላይ የማውዝፒሱ ክብ ምልክት ለረጅም ሰዓት አይጠፋም። እንደ ዘፈኑ ለስላሳ፣ ወፍራም ወይም ሻካራ ድምፅ ለማውጣት የከንፈር አያያዜን ልቀይር ወይስ ምላሴን ነው ማስተካከል ያለብኝ? መምህር፣ እባክዎ በደንብ ያብራሩልኝ።»

ምላሽ፦

የድሬ ልጅ ሆነህ «እባክዎ» ብለህ መጻፍህን ለመምህርነቱ የተሰጠ አክብሮት አድርጌ ወስጄዋለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይበረክት ግን ሐረር ያለነው ሁላችን እናውቃለን፤ እና በአንተ እንቀጥል።

ባጭሩ፦ የከንፈር አያያዝህን አትቀይር። ለማርሽ አንድ፣ ለትዝታ ሌላ፣ ለጃዝ ደግሞ ሦስተኛ አያያዝ ይዘው የሚዞሩ ልጆች አጋጥመውኛል፤ በሦስቱም ድምፃቸው ይዋልላል። ከንፈር ጡንቻ ነው፤ የሚጠነክረው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ነው። መለዋወጥ ያለባቸው ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፦ በከንፈሮችህ መካከል ያለው ቀዳዳ ስፋት፣ የምላስህ ጀርባ ከፍና ዝቅ እያለ አፍህ ውስጥ የሚያጠበው ወይም የሚያሰፋው ቦታ፣ እና የምላስህ ጫፍ ኖታውን የሚከፍትበት መንገድ። «ምላሴን ላስተካክል» ስትል የምታስበው የመጨረሻውን ብቻ ይመስለኛል። ብዙ ተጫዋች ሳይነካው የሚቀረው ግን መካከለኛው ነው።

እዚህ ላይ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ትንሽ ልበል፤ ካልገባህ ልምምዱ ጭፍን ይሆንብሃል። ትራምፔት ላይ ድምፅ የሚፈጥረው የብረቱ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ከንፈርህና ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ናቸው። በቢ ፍላት ትራምፔት «ሲ» (ከ«ላ» ቀጥሎ ያለው) ብለህ የምትነፋው መካከለኛ ኖታ ኪቦርዱ ላይ «ላ» ነው፤ ያን ስትነፋ ከንፈርህ በአንድ ሰከንድ 440 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። 1.48 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ይህን ምት ተቀብሎ ከከንፈርህ ጋር እየተመላለሰ ያጸናዋል። ታዲያ የሚወጣው 440 ብቻ አይደለም፤ 880፣ 1,320፣ 1,760 እያሉ የሚቀጥሉ ደቃቅ ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ቃና የምንለው የእነዚህን ድርሻ ነው። የላይኞቹ ሲበዙ ድምፁ ይበራል፣ ሲያልፍም ይወጋል፤ ሲቀንሱ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል።

አሁን ዋናውን ነጥብ ያዝ። ትራምፔትን ጠንክረህ ስትነፋ ሁሉም እኩል አያድግም፤ የላይኞቹ ከታችኞቹ በጣም በልጠው ያድጋሉ። ስለዚህ ጩኸትና ብርሃን ተያይዘው ነው የሚመጡት። የአንተ «መውጋት» ግማሹ የቃና ችግር ሳይሆን የመጠን ችግር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ምክንያቱም ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው ያደግከው።

ይህን ስል ማርሽን ማሳነሴ አይደለም። በአገራችን የነሐስ መሣሪያ ያደገው በሰልፍ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት የአርመን ወጣቶች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ የመንግሥት የነሐስ ባንድ ሆኑ፤ በኋላም ክብር ዘበኛው፣ ፖሊሱና ጦር ሠራዊቱ የየራሳቸውን ባንድና ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በድሮዎቹ ሸክላዎች ላይ የምትሰማው ያ ቀጥ ያለ፣ አፉ የተሳለ የኢትዮጵያ ትራምፔት ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ነው። ግን ልብ ብለህ ስማው፤ ዘፋኙ ሲገባ ትራምፔቱ ምላሱንም ትንፋሹንም ዝቅ ያደርጋል። አንተ የወረስከው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ሌላው ምክንያት ቦታው ነው። ሜዳ ላይ ወይም ደረቁ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆመህ ስትለማመድ ድምፅህ ሄዶ ይቀራል፣ ወደ ጆሮህ አይመለስም። ስለማትሰማው ትጨምራለህ፤ ስትጨምር ይወጋል። በዚያ ላይ ከፍ ያሉት ደቃቅ ድምፆች ከቤሉ (ከትራምፔቱ ሰፊ አፍ) የሚወጡት በቀጥታ ወደ ፊት ስለሆነ፣ ከኋላ የቆምከው አንተ የምትሰማውና ፊትህ የተቀመጠው እንግዳ የሚሰማው አንድ አይደለም፤ ለእሱ ሁልጊዜ ይበልጥ ይበራል። ስለዚህ የቃና ልምምድ በቤት ውስጥ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ርቀህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳው አድርገህ ይሁን። እኔ ጁገል ውስጥ የማስተምራቸውን ልጆች ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ ፊት ለፊት ነው የማቆማቸው፤ ምን እየነፉ እንደሆነ ያኔ ይሰሙታል።

ወደ ከንፈር ልግባ። ያ ክብ ምልክት የሚነግርህ ድምፁን ከፍ ለማድረግ በክንድህ እየገፋህ መሆኑን ነው። ማውዝፒስ ሲጫን የከንፈር ደም ዝውውር ይቀንሳል፣ ከንፈሩም እንደልቡ መንቀጥቀጥ ያቅተዋል፤ ከዚያ የሚወጣው ቀጭንና ደረቅ ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ የምትሠራው ቀላል ነገር አለ። የቀኝ እጅህን ትንሽ ጣት ከላይኛው መንጠቆ አውጣት። ብዙው ግፊት የሚመጣው በዚያች ጣት እየሳብን ነው። ጣቷን ነጻ አድርገህ መካከለኛውን «ሶል» ንፋ። ድምፁ ከጠፋ፣ እስካሁን ኖታውን ይዞልህ የነበረው ክንድህ ነው ማለት ነው።

ሥራውን መቀበል ያለባቸው የከንፈርህ ጥጎች ናቸው። «ም» ብለህ ያዘው። ጥጎቹ ተሰብስበው ጸንተዋል፣ መሃሉ ግን አልተወጠረም። አገጭህ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ወደ ላይ አይሸብሸብ፤ ጉንጭህም አይነፋ። ፈገግ እንደሚል ሰው ከንፈርህን ወደ ጎን ከሳብከው ይቀጥናል፣ ድምፁም አብሮት ይቀጥናል፤ ከፍ ያለ ኖታ ሲመጣ ይህን የማያደርግ ጀማሪ የለም ማለት ይቻላል። ማውዝፒሱ ከላይኛው ከንፈር ስንት፣ ከታችኛው ስንት ይያዝ የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተወው፤ ጥርስ ከሰው ሰው ይለያያል። ግማሽ በግማሽ አካባቢ ሆኖ ጥርሶችህ በምቾት ከተሸከሙት ይበቃል።

ጥጎቹ ከጸኑ በኋላ መሃል ላይ መጫወት ትችላለህ። ቀዳዳውን ትንሽ ሰፋ አድርገህ ብዙ ግን ዝግ ያለ አየር ስትሰጠው ድምፁ ይወፍራል፤ ጠበብ አድርገህ ፈጣን አየር ስትሰጠው ይሳላል። ለዚህ የምሰጠው ልምምድ አንድ ነው፣ እሱም አሰልቺ ነው፦ መካከለኛውን «ሶል» ያለ ፒስተን (በጣት የሚጫኑትን ቁልፎች ሳትነካ)፣ በጣም በቀስታ ጀምረህ ስምንት ምት ያዝ። መጠኑን ሳትጨምር በእነዚያ ስምንት ምቶች ውስጥ ቃናውን ከጥቁር ወደ ብሩህ፣ ከዚያ መልሰህ ወደ ጥቁር ውሰደው። መጠኑ ከጨመረ አልሠራህም፤ እንደገና። የነፋህበትን ያህል ጊዜ እረፍ።

ሁለተኛው ልምምድ መሃሉን ማግኛ ነው። «ሶል» ንፋ፣ ሁለተኛውን ፒስተን ተጭነህ «ፋ ሻርፕ» ንፋ፣ ጆሮህ ይያዘው። አሁን ፒስተኑን ልቀቅና ያንኑ «ፋ ሻርፕ» በከንፈርህና በአፍህ ውስጥ ብቻ ከ«ሶል» ጎትተህ አውርደው፤ ከዚያ ቀስ ብለህ መልሰው። ሲወርድ ድምፁ ይታፈናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አትደንግጥ። ሲመለስ ግን አንድ ቦታ ላይ ድምፁ በራሱ ሲከፈት ትሰማለህ፤ የኖታው መሃል እሱ ነው። ብዙዎቻችን ከዚያ መሃል ትንሽ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፣ የምንጮኸውም ለዚህ ነው። በተቃራኒው «ጥቁር ድምፅ» እያሉ ከመሃሉ በታች የሚኖሩም አሉ፤ የእነሱ ድምፅ ጥቁር ሳይሆን ዝቅ ያለ ነው፣ ኪቦርዱ ሲገባ ይጋለጣሉ።

አሁን አፍ ውስጥ እንግባ። በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪ መሆን ዕድል ነው። የውጭ የትራምፔት መምህራን ተማሪውን የተለያየ አናባቢ እያስባሉ ነው የምላስን ከፍታ የሚያስተምሩት፤ እኛ ግን ሰባቱን የፊደል ቤቶች ከልጅነታችን ጀምሮ በዜማ ስንቆጥር ነው ያደግነው። «ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት ቶ» በል፣ ከንፈርህን ሳታንቀሳቅስ ምላስህን ብቻ እየተከተልክ። «ታ» ላይ ምላስህ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ አፍህ ሰፊ ነው። «ቶ» ላይ ጀርባው ወደ ኋላ ይላል፣ ጉሮሮህ ክፍት ነው። «ቲ» ላይ ምላስህ ላንቃህን ሊነካ ይደርሳል፣ አየሩ ጠባብ መንገድ ያገኛል። «ት» መሃል ላይ ናት።

ያንኑ «ሶል» ያዝና ከንፈርህ ሳይነቃነቅ አፍህ ውስጥ ከ«ቶ» ወደ «ቲ» ተጓዝ። ቃናው ሲዞር ትሰማለህ። ለትዝታ መግቢያ «ቶ» ወይም «ታ» ያዝ፣ ለማርሽ «ቱ»፣ ጫፍ ላይ ላሉት ኖታዎች «ቲ»። ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከፍ ያለ ኖታ ላይ «ታ» ልያዝ ብትል ምላስህ ያላገዘውን ክንድህ ሊያግዝ ይመጣል፣ ወደ ግፊቱ ተመለስክ ማለት ነው። ዝቅ ያለ ኖታ ላይ ደግሞ «ቲ»ን አትልቀቅበት፤ ድምፁ አፍንጫ አፍንጫ ይላል። አንዳንዴ እሱም ቀለም ነው፤ ቀልድ ላለው ዘፈን እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ።

የምላስ ጫፍ ላይ ደግሞ አማርኛችን ወጥመድም አለው፤ ማርሽ ባንድ ያሳደጋቸው ብዙ ልጆች ላይ የማገኘው ይህንኑ ነው። «ጠንካራ ምት ምታ» ሲባሉ በሐሳባቸው «ጡ» ይላሉ። ትንፋሽህን ጥርቅም አድርገህ ያዝና «ጥ ጥ ጥ» በል፤ ይወጣል። አሁንም ትንፋሽህን እንደያዝክ «ት ት ት» በል፤ አይወጣም። «ጠ» ስንል ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል፤ የሚፈነዳው አፍ ውስጥ የታሰረችው ትንሽ አየር ብቻ ናት፣ ከሳንባ የሚመጣው አየር ተቋርጧል። ትራምፔት ላይ ስታመጣው ኖታው ፊቱ ላይ ይፈነዳል፣ ቀጥሎ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ አየሩ ዘግይቶ ይደርሳል። የባንድህ መሪ «ሰልፍ» የሚለው ይህን ድምፅ ሳይሆን አይቀርም፤ እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ይረግጣል፣ መስመር አይሠራም። ስለዚህ «ጠ»ን ከትራምፔት አውጣት። በጣም የሰላ ምት እንኳ ስትፈልግ «ተ» በቂ ናት፤ የሚያሰላው የአየሩ ፍጥነት ነው። ለሁለት ምላስ (የምላስን ጫፍና ጀርባ እያፈራረቁ በፍጥነት ለመምታት) ስትሄድም እንዲሁ፦ «ቱ ኩ ቱ ኩ» እንጂ «ቱ ቁ» አይደለም፤ «ቀ»ም ጉሮሮ ዘጊ ናትና።

ከ«ተ» ቀጥሎ ያለው ሀብት ብዙ ነው። «ደ» ምላሱን ሰፋ አድርጎ ይነካል፣ ኖታውን በገር እጅ ይከፍታል፤ ቀስ ላለ ዘፈን ዋናው ይህ ነው፣ «ዱ ዱ ዱ» እያልክ አየሩን ግን አንድ ረጅም መስመር አድርገህ። «ለ» አየሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ጎኑን ክፍት ይተዋል፤ ስለዚህ በሁለት «ዱ» መካከል የምትገባ ትንሽ ጌጥ ስትኖር «ዱ ሉ ዱ» በላት። «ረ» አንዴ ነክታ የምታልፈው ከሁሉም ፈጣን ናት፤ ማንጎራጎር የምታውቅ ሴት አንድን ቃል ስትሰብር የምትሠራትን ዓይነት ቅጽበታዊ ስብራት ትሰጥሃለች። ያለ ምላስ፣ በ«ሁ» ብቻ መጀመርም አለ፦ አየሩ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከንፈሩ ሲደርሰው ይነቃል። በጠዋት ስታሞቅ ጥቂት ኖታዎችን በ«ሁ» ብቻ ጀምር። ድምፁ ካልመጣ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ከንፈርህ ወይ ተወጥሯል ወይ ተዘግቷል፤ ምላስ ይህን ጉድ ይደብቅልሃል፣ «ሁ» ግን አይደብቅም።

ሻካራ ድምፅ ጠይቀሃል። ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ምላስን «ርርርር» እያሉ ማርገብገብ ነው፤ የእኛ የጠበቀ «ር» ተንቀጥቃጭ ስለሆነ ለአማርኛም ለኦሮምኛም ተናጋሪ ይቀላል። አየሩን ከወትሮው ጨምርበት፣ ካልሆነ ይሞታል። ሌላው እየነፉ በጉሮሮ ማጉረምረም ወይም ማዜም ነው፤ የአንተ ድምፅና የትራምፔቱ ድምፅ ይጋጩና ይሻክራሉ። ይህኛው ጉሮሮ ያደክማል፣ በአንድ ምሽት አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሰው ይሰለቸዋል።

የኖታ አዘጋግም ቃና ነው። «ቱት» ብለህ በምላስህ ከዘጋኸው ድምፁ ጭራው የተቆረጠ ይሆናል። ለማርሽ አጭር ኖታ ይሄዳል፤ ለትዝታ ግን አየሩን በማቆም ብቻ ጨርስ፣ ምላስህ ሳይገባበት። ይህ ብቻውን ሲስተካከል የባንድህ መሪ ልዩነቱን የሚሰማ ይመስለኛል።

በፈጣኑ በኩል ችክችካ ላይ ሦስት ምላስ ያስፈልግሃል፤ የስድስት ስምንተኛው ምት «ቱ ቱ ኩ ቱ ቱ ኩ» ሲባል ራሱን በራሱ ይይዛል። «ኩ» ሁልጊዜ ደካማ ናት። ስለዚህ ለጥቂት ቀን ስኬልህን በ«ኩ» ብቻ ንፋ። ያስቃል፣ ጎረቤትም ያስከፋል፣ ግን «ቱ» እና «ኩ» የማይለዩበት ቀን ይመጣል። ለስላሳ ፈጣን መስመር ሲሆን «ዱ ጉ ዱ ጉ» አድርገው።

እነዚህን ከቅኝት ጋር ካላገናኘሃቸው ልምምድ ቤት ይቀራሉ። የትዝታን አምስት ድምፆች ውሰድ፣ «ዶ ሬ ሚ ሶል ላ»። አንዲት አጭር ሐረግ ፈጥረህ በሦስት መልክ ንፋት፦ አንዴ በ«ቱ» እንደ ማርሽ፣ አንዴ በ«ሁ» ጀምረህ በ«ዶ ሎ ዶ» እንደ ዘፋኝ፣ አንዴ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን እንደሚያንሸራትተው ፒስተኑን እስከ ግማሽ ብቻ ተጭነህ ወደ ኖታው በመግባት። ከዚያ ወደ አንቺሆዬ ሂድ፤ እዚያ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች ስላሉ ከላይ ያልኩህ የከንፈር ጉተታ ቦታውን ያገኛል። የድሬ ሰርግ ደግሞ ያለ ዓሊ ቢራ ዘፈን አያልፍም፤ እዚያ የትራምፔት ሥራ በዘፋኙ ስንኞች መካከል መልስ መስጠት ነው። ዘፋኙ ስንኙን የጨረሰበትን አናባቢ አፍህ ውስጥ ይዘህ ግባ። «ኣ» ላይ ካበቃ በ«ዳ»፣ «ኢ» ላይ ካበቃ በ«ዲ»። በየትኛውም ቋንቋ ቢዘፈን ይሠራል፤ አድማጩ ምን እንደሆነ አያውቀውም፣ መልሱ ከዘፈኑ የወጣ ሆኖ ይሰማዋል።

ድሬ ስላለህ ስለ ሙቀት ሳልነግርህ አላልፍም። አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ በፍጥነት ይሄዳል፤ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ የነበረው በ35 ዲግሪ 352 ገደማ ይሆናል። የምትተነፍሰው አየር ልዩነቱን በከፊል ቢያጠበውም ትራምፔትህ ከፍ ይላል፣ ኪቦርዱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ከሐረር ቅዝቃዜ ወርዶ ድሬ ከሰዓት ላይ የሚጫወት ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አንተ መቃኛውን ቱቦ ካልሳብከው ያንን ከፍታ በከንፈርህ ስታወርድ ታመሻለህ፤ ከመሃሉ ወጣህ ማለት ነው፣ ቃና የሚባል ነገር አይኖርህም። መቃኛውን 1 ሳንቲ ሜትር ስትስበው ቱቦው በ2 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ድምፁም የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ይወርዳል። ደግሞም ቃኝተህ ስትጨርስ አትርሳው፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መልሰህ ማስገባት ይኖርብሃል። ትራምፔቱን ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ትተኸው አትግባ።

ሰርግ ላይ ማይኩ የት ነው ያለው? ቤሉ ውስጥ የተሰካ ከሆነ ይህን ሁሉ ሠርተህም ይወጋል፤ የሚበራው ድምፅ በቀጥታ የሚወጣው እዚያው መሃል ላይ ስለሆነ። ከቤሉ አንድ ክንድ ያህል አርቀው፣ ቤሉንም ከማይኩ ትንሽ ወደ ጎን አዙረው። የድምፅ ባለሙያው መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ሲሰማው ይተወዋል። ሚውት (ቤሉ ላይ የሚገባ ድምፅ ማፈኛ) ከሌለህ የተዘጋ ገንዳ የሚከፈትበት ያ የላስቲክ ቆብ፣ እንጨቱ ተነቅሎ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ካሉ ሱቆች በርካሽ ይገኛል፤ በግራ እጅህ ቤሉ ላይ ስትከፍትና ስትዘጋ ትራምፔቱ ይናገራል። ጃዝ ተጫዋቾች ከመቶ ዓመት በፊት ጀምረው ይህንኑ ላስቲክ ነው የሚጠቀሙት። ማይልስ ዴቪስ የታወቀበትን ያንን ቀጭን፣ ቅርብ ድምፅ ከወደድክ ደግሞ እሱ ሐርመን የሚባለውን ሚውት መሃሉ ላይ ያለችውን ቱቦ አውጥቶ ማይኩ ላይ አስጠግቶ ነበር የሚጫወተው። ይህ ሚውት ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ መቃኛውን ሳብ ማድረግ አለብህ።

ስለ ማውዝፒሱ። ጥልቀቱ ያነሰ ጽዋ (የማውዝፒሱ ጎድጓዳ ክፍል) የላይኞቹን ደቃቅ ድምፆች ያበዛል፤ ስለዚህ የገዛኸው ለበሽታህ ተቃራኒውን ነው። ሻጩ «ከፍ ያለ ኖታ ያወጣልሃል» ብሎህ ይሆናል፣ የሁሉም ሻጭ ቃል ነው። ምልክቶቹም ሰው ያሳስታሉ፦ ባክ በሚባለው ሥሪት ላይ ቁጥሩ ሲያንስ የጽዋው አፍ ይሰፋል፣ ፊደሉ ወደ «ኤ» ሲጠጋ ጽዋው ይጠልቃል፤ ያማሃ ላይ ሁለቱም በተገላቢጦሽ ነው። ባክ 7ሲ ወይም 5ሲ፣ ወይም ያማሃ 11ቢ4 ካለህ ለዚህ ሁሉ ሥራ ይበቃል። ከትራምፔቱ ጋር ወደመጣው ተመለስና ቢያንስ ለጥቂት ወራት አትንካው። አዲሱን የምትሞክረው በአንድ ማውዝፒስ ሦስት ቃና ማውጣት ስትችል ነው። ፍሉገልሆርን (የትራምፔት ዘመድ የሆነ የነሐስ መሣሪያ) ልግዛ ብለህ የምታስብም ከሆነ፣ ድምፁ በእርግጥ ለስላሳ ነው፣ ቱቦው እየሰፋ ስለሚሄድና ጽዋው ጥልቅ ስለሆነ፤ ግን ያንኑ ምላስ ይዘህ ከሄድክ እሱም ይረግጣል።

ስለ በርጫ አንድ ነገር ልበል፤ ሥነ ምግባር ልሰብክህ አይደለም፣ ሐረር ተቀምጬ ያን ማድረግ ያስቅብኛል። ጫት አፍ ያደርቃል። በደረቀ አፍ ምላስ ይጣበቃል፣ «ዱ» ለማለት ስትፈልግ «ጡ» ይወጣል፤ የደረቀ ከንፈርም ማውዝፒሱ ላይ ይያዛል፣ ድምፅ ለማስነሳት ትገፋለህ፣ ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል። ሰርግ ባለበት ቅዳሜ ከተጫወትክ በኋላ ይሁን። ሐልዋና ጣፋጭ ሻይ ቀምሰህም አፍህን ሳትጉመጠመጥ አትንፋ፤ ስኳሩ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል፣ ፒስተኑም ይዘገያል። ማውዝፒሱን በየሳምንቱ በለብ ያለ ውሃና ሳሙና እጠበው፤ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚጋገር ቆሻሻ ቃናውንም ይነካል።

በየቀኑ የምትሠራውን እንዲህ ከፋፍለው፦ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ በ«ሁ» ጀምረህ ረጃጅም ኖታዎቹንና ጉተታውን፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣ በእረፍት። ማታ ምላሱን፣ መጀመሪያ በአፍ ብቻ ያለ ትራምፔት እየተናገርክ፣ ቀጥሎ በአንድ ኖታ ላይ፣ ከዚያ በቅኝቱ ላይ። በአፍህ በንጽሕና መናገር ያልቻልከውን ትራምፔት አያወጣልህም። ስልክህን ከጎንህ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር አርቀህ አስቀምጥና ያቺን የትዝታ ሐረግ በሳምንት አንዴ ቅዳ። ቤሉ ፊት ካስቀመጥከው የስልኩ ማይክ ራሱ ይሰነጥቀዋል፣ ምንም አትማርበትም።

ምልክቱ ሌሊቱን አድሮ ጠዋትም ካልጠፋ፣ ወይም ከንፈርህ ውስጡ ከቆሰለ፣ እስኪድን ድረስ አትንፋ፤ ያን ሰሞን አናባቢዎቹንና «ዱ ሉ ዱ»ን በባዶ አፍ ሥራ። እብጠቱ ከቀጠለ ወይም መሃሉ ከደነዘዘ ሐኪም ይየው። ለባንዱ መሪ ደግሞ እስከዚያው ከፍ ያሉትን መስመሮች ሳክስፎኑ እንዲይዝልህ ጠይቀው።